የነጣ ጥርስ ለምን ተመልሶ ይበልዛል?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጥርስ ቀለም ነው። «ስለ ኤች አይ ቪ በሚጻፍበት መጽሔት ላይ የጥርስ ወሬ ምን ሊሠራ መጣ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ስንደርስበት እናንተው ትፈርዳላችሁ።

እኔ በአፋር ክልል፣ አፋምቦ ወረዳ ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ሥራዬ ከወጣቶች ጋር ስለሆነ ወደ ሰመራም ወደ አዋሽም እመላለሳለሁ። በየትምህርት ቤቱ ከክበብ አባላት ጋር ውይይት ስናደርግ በአደባባይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀስ ብለው ወደኔ እየቀረቡ ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ ግን ስለ ጥርስ ነው። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ፣ ፎቶ ሲነሱ ከንፈራቸውን ገጥመው የሚቆሙ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቁ እጃቸውን የማያወጡ ልጆች አሉ። ይህ ነገር ቀላል መስሎ የሚታየው ለማይደርስበት ሰው ብቻ ነው።

ከጠያቂዎቼ አንዱ በአዋሽ ከተማ የሚኖር የ19 ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሙ ገንዘብ አውጥቶለት አዲስ አበባ ሄዶ ጥርሱን አስነጥቶ ተመለሰ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አገኘኝና፣ «እህቴ፣ የወንድሜ ገንዘብ ውኃ በላው። ጥርሴ ተመልሶ በለዘ። ሁሉም ሰው ሻይ ስለምትጠጣ ነው ይለኛል። እውነት ነው?» አለኝ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ስላልሆነ ከሥሩ እንጀምር።

የጥርስ ቀለም ከየት ይመጣል?

ጥርሳችን ከውጭ ኢናሜል በሚባል ጠንካራ ሽፋን የተለበጠ ነው። ኢናሜል ብርሃን በከፊል ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ዴንቲን የተባለው ክፍል ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ ጤናማ ጥርስ እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም፤ በማስታወቂያ ላይ የምናየው ጥርስ ብዙውን ጊዜ የተሠራ ወይም ፎቶው የተስተካከለ ነው።

ጥርስን የሚያበልዙ ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከውጭ የሚለጠፍ ነው። ጥርሳችንን ባጸዳን በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ የሚመጣ ስስ የፕሮቲን ሽፋን ይለብሰዋል። በሻይና በቡና ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር፣ የትምባሆ ጭስና የጫት ጭማቂ በዚህ ሽፋን ላይ ይጣበቃሉ። ሁለተኛው ከውስጥ ያለ ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ሲሠራ የተበላሸ ወይም ቀለም ወደ ውስጥ የዘለቀበት ነው። የእኛ አካባቢ ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ጋር የተያያዘ ነው።

የስምጥ ሸለቆው ቡናማ ጥርስ

አዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ተነሥቶ፣ ወንጂን፣ መተሐራንና አዋሽን አልፎ፣ በዱብቲና በአሳይታ አድርጎ ወደኛ ወደ አፋምቦ ይመጣል፤ መጨረሻውም በጅቡቲ ድንበር ያለው አቤ ሐይቅ ነው። ይህ መንገድ በአብዛኛው የስምጥ ሸለቆ ምድር ነው። ምድሩ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ስለሆነ ከጥልቅ ጉድጓድና ከፍል ውኃ የሚወጣው ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ይበዛበታል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው። የዝናብና የወራጅ ወንዝ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ ግን ሠራተኞችና ልጆቻቸው ይጠጡት የነበረው የጉድጓድ ውኃ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ። ለረጅም ዓመታት የጠጡ አዋቂዎች ደግሞ አጥንታቸውና አከርካሪያቸው እስከ መጉበጥ ተጎዳ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ስላለው ስለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ1987 ጥናት አሳትመዋል። ችግሩ ፍሎሮሲስ ይባላል።

አሁን ልብ በሉ። ፍሎሮሲስ ጥርስ ላይ የሚደርሰው ልጅ ከተወለደ እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ኢናሜሉ የሚሠራው ያኔ ነውና። ፍሎራይድ ሲበዛ ኢናሜሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ይቀሩበታል። በደንብ ያልተተኮሰ ሸክላ የገባበትን ሁሉ እንደሚመጠው፣ ይህም ጥርስ ድድ ቀዶ ከወጣ በኋላ የምግብና የመጠጥ ቀለም ወደ ውስጥ ይመጣል። ሲወጣ ነጣ ያለ ዝንጉርጉር የነበረው ጥርስ ከዓመታት በኋላ ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። በቆላ አገር ደግሞ ሰው ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ የሚገባውም ፍሎራይድ ይበዛል።

እንግዲህ ቡናማ ጥርስ ያለው ጓደኛችሁ «ጥርሱን የማይቦርሽ ቆሻሻ» አይደለም። ዘር የተላለፈበትም፣ በሽታ የሚያስተላልፍም አይደለም። በሕፃንነቱ ቤተሰቡ ያገኘውን ውኃ የጠጣ ልጅ ነው። በዚህ የሚሳለቅ ሰው የሚሳለቀው በውኃ ጉድጓድ ላይ ነው።

ጥርስ ማንጣት ሲባል ምን ይደረጋል?

ጥርስ የሚነጣው በብዛት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ በተባለ ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ በኢናሜሉ በኩል ዘልቆ ቀለም የያዙትን ትልልቅ ሞለኪውሎች ይሰባብራል። ቀለሙ ይፈዛል፤ ጥርሱ ይነጣል። ይሁንና ማወቅ ያለባችሁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በሕክምናው ጊዜ ጥርሱ ይደርቃል፤ የደረቀ ጥርስ ደግሞ ከሆነው በላይ ነጭ ይመስላል። በቀናት ውስጥ እርጥበቱ ሲመለስ ትንሽ ይደበዝዛል። እውነተኛው ቀለም የሚታወቀው ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ይህ መደብዘዝ ከሻይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ በጥርስ ላይ የተሞላ ወይም የተተከለ ሰው ሠራሽ ነገር አይነጣም።

ሦስተኛ፣ የፍሎሮሲስ ጥርስ በማንጣት ብቻ አንድ ዓይነት ቀለም ላይኖረው ይችላል። ነጫጭ ነጠብጣቦቹ በመጀመሪያ ይበልጥ ጎልተው ሊታዩም ይችላሉ። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም እንደ ጉዳቱ መጠን ላይኛውን ስስ ክፍል በጥንቃቄ ማለስለስን፣ ክፍተቱን በልዩ ማጣበቂያ መሙላትን ወይም ሽፋን መለጠፍን ሊመርጥ ይችላል።

አራተኛ፣ ጥርስ ለጥቂት ቀናት በቀዝቃዛና በትኩስ ነገር ይጠዘጥዛል። እንደ እናንተ ዕድሜ ላሉትም ጥንቃቄው ይበዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከ0.1 በመቶ በላይ ፐርኦክሳይድ ያለበት የጥርስ ማንጫ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ ከልክሏል። ስለዚህ 18 ያልሞላችሁ «አሁኑኑ» ባትሉ ይመረጣል።

ከነጣ በኋላስ ምን እንብላ? ምን እንጠጣ?

ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ካስነጡ በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል ባለቀለም ምግብና መጠጥ እንዲቀር ይመክራሉ። ወተት፣ እርጎ፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ያልቀላ ዶሮ ለዚህ ጊዜ ጥሩ ናቸው። የእኛ አካባቢ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው፤ የግመል ወተት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሻይ፣ ቡና፣ እርድ የበዛበት አልጫ፣ ቀይ ሥር፣ ጠቆር ያለ ለስላሳ መጠጥና ትምባሆ ግን ቢቆዩ ይሻላል። እውነቱን ለመናገር በእነዚህ ሁለት ቀናት ባለቀለም ነገር በወሰዱና ባልወሰዱ ሰዎች መካከል ጥናቶች ያገኙት ልዩነት እንደሚፈራው ትልቅ አይደለም። ጥርሱን ይዞ የሚቆየው ወይም የሚያበልዘው ከዚያ በኋላ ያሉት ወራትና ዓመታት ናቸው።

ያ የአዋሽ ተማሪ ጥያቄውን ሲያነሣ ውሎውን አንድ በአንድ ነገረኝ። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫትና ጣፋጭ ለስላሳ፣ ማታ ደግሞ እንደገና ሻይ። ከልጅነቱ የቆየ የፍሎሮሲስ ምልክትም ነበረበት። እንግዲህ የመጀመሪያው መደብዘዝ የእርጥበት መመለስ ነው። ቀጥሎ የመጣው የጫቱና የሻዩ ነው። ክፍተት ያለው ኢናሜል ደግሞ ሁለቱንም በቶሎ ተቀበለ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ውኃ አልበላውም፤ ግን ጥርሱ እንዲነጣ የተከፈለበትን ያህል፣ ነጥቶ እንዲቆይ ማንም አልመከረውም።

ታዲያ ሻይ እንተው? በአፋር ምድር ሻይ ተዉ ብል ማን ይሰማኛል! መተው አያስፈልግም፤ አጠጣጡን ማስተካከል ግን ይቻላል።

• ሻይን በወተት ጠጡ። በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ታኒኑን ስለሚይዘው ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ይቀንሳል።

• በአንድ ጊዜ ጠጥታችሁ ጨርሱ። ቀኑን ሙሉ ፉት እያሉ መዋል ጥርሱን ቀኑን ሙሉ ቀለም መንከር ነው።

• ከጠጣችሁ ወይም ከበላችሁ በኋላ በንጹሕ ውኃ ተጉመጥመጡ። የአፋምቦና የአሳይታ ቴምር ጣፋጭና የሚያጣብቅ ስለሆነ ከእሱም በኋላ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ስኳር ጥርስን ባያበልዝም እንዲቦረቦር ያደርጋል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ደግሞ ይጠቁራል።

• ሎሚና ለስላሳ መጠጥ አሲድ አላቸው። አሲድ ኢናሜሉን ለጊዜው ያለሰልሰዋል። ወዲያው ከቦረሻችሁ የምትፍቁት ኢናሜሉን ነው። ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆዩ።

• ጫት ለሰዓታት አፍ ውስጥ ይቆያል፤ ድድንም ይጎዳል። ትምባሆ፣ ይጨስም ይታኘክ፣ የነጣ ጥርስን በቶሎ ከሚያበልዙት ዋነኞቹ ነው። የአፍ ካንሰርም ያመጣል። ለጥርስ ማንጫ ከምታወጡት ገንዘብ ይልቅ እነዚህን መተው የበለጠ ውጤት ይሰጣል፤ ኪሳችሁንም ያተርፋል።

• በቀን ሁለት ጊዜ ጥርሳችሁን አጽዱ። የጥርስ ብሩሽ ከሌለ መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ሚስዋክም ሆነ ወይራ። የተጠቀማችሁበትን ጫፍ ቆርጣችሁ አዲስ አውጡ፤ ድድን አታድሙ፤ ከሰውም ጋር አትዋዋሱ።

«ፍሎራይድ ጥርስ የሚያበላሽ ከሆነ የጥርስ ሳሙና ላይ ለምን ይጨመራል?» የሚል ጥያቄም ይቀርባል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋ ትንሽ ፍሎራይድ ጥርስ እንዳይቦረቦር ይጠብቃል። ጉዳቱ በልጅነት በብዛት ሲዋጥ ነው። ስለዚህ ትናንሽ ልጆች ሳሙናውን በሩዝ ፍሬ ልክ እንዲጠቀሙና እንዳይውጡ አድርጉ።

አቋራጩ መንገድ ያደማል

ሕክምናው ሩቅና ውድ ሲሆን ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። ጥርሳቸውን በአሸዋ፣ በአመድ፣ በደቀቀ ከሰል፣ በጨውና በሎሚ የሚፈትጉ አሉ። በረኪና እስከ መሞከር የደረሰም ሰምቻለሁ። አሸዋና ከሰል ኢናሜሉን ይሞርደዋል፤ ሎሚ ያሟሟዋል፤ በረኪና አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ኢናሜል አንዴ ከሄደ አይመለስም። ሲሳሳ ደግሞ ከሥር ያለው ቢጫው ዴንቲን ይበልጥ ይታያል። ለማንጣት የፈተጋችሁት ጥርስ ይብሱን ቢጫ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ተባባልንበት ቦታ ደረስን። ከአቋራጮቹ አንዳንዶቹ ደም ያፈስሳሉ። በሰመራ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ድዴን ብነቀስ ጥርሴ ነጭ ይመስላል አሉኝ፤ ልነቀስ?» ብላ ጠይቃኛለች። ድድን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጉ በጥላሸት ማጥቆር በአገራችን በተለይ በደጋው አካባቢ የቆየ ልማድ ነው። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጭ መስሎ ይታያል፤ ጥርሱ ግን አልተለወጠም። ጥርስን በምላጭ የሚፍቁ፣ የተበላሸ ጥርስ ያለ ንጹሕ መሣሪያ የሚነቅሉም አሉ።

አንድ መርፌ ወይም አንድ ምላጭ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ደም ይዞ ይሄዳል። በዚያ ደም ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል በደረቀ መሣሪያም ይተላለፋል። መንጋጋ ቆልፍም በቆሸሸ መሣሪያ የሚመጣ ነው። በጨርቅ መጥረግ ወይም በውኃ ማለቅለቅ መሣሪያን አያጸዳም። ለዚያች ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው። እሷም፣ «ለአንድ ሰርግ ፎቶ ብዬ ነበር» ብላ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ ነበር የሳቀችው።

ነገሩን ግን አናምታታው። ኤች አይ ቪ በምራቅ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ በመጠጣት ወይም ከአንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍም። ቫይረሱ በደሙ ካለበት ጓደኛችሁ ጋር ሻያችሁን በወተት አድርጋችሁ ጠጡ፤ ምንም አትሆኑም። የምንጠነቀቀው ደም የነካውን ስለት ነው። ሌላ ሰው በተጠቀመበት መርፌ ወይም ምላጭ የተወጋ ሰው ቢኖር ደግሞ አፍሮ ቤት መቀመጥ የለበትም። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል፤ በቶሎ በደረሰ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። የጥርስ ሕክምና ስትሄዱም «መሣሪያው በሙቀት ተቀቅሏል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም አይቀየምም።

ለታናናሾቻችን

የእኛ ጥርስ ተሠርቶ አልቋል። ቤት ውስጥ ያለው የሁለት ዓመት ልጅ ቋሚ ጥርስ ግን ገና በድዱ ውስጥ እየተሠራ ነው። እናንተ ልትለውጡት የምትችሉት ይህንን ነው።

ፍሎራይድ ሽታም ጣዕምም ቀለምም የለውም። ውኃው ጥርት ስላለ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ የሚታወቀው በምርመራ ነው። የወረዳችሁን ውኃ ጽሕፈት ቤት «የዚህ ጉድጓድ ፍሎራይድ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ክበባችሁም በደብዳቤ ይጠይቅ። ውኃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር ፍሎራይዱ ይጠነክራል። ከአጥንት ከሰል በተሠራ ማጣሪያ ግን መቀነስ ይቻላል። የዝናብ ውኃ በንጹሕ ዕቃ ማጠራቀምም አንድ መንገድ ነው። የወንዝ ውኃ ፍሎራይዱ ቢያንስም ጀርም አያጣም፤ ስለዚህ ሳይታከም አይጠጣ። የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ስላለው ለሕፃናት ወፍራም ሻይ አትስጡ። ወተት ስጧቸው፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ በከፊል ይይዘዋል።

ጥርሱን ማስነጣት የሚፈልግ 18 ዓመት ሲሞላው፣ በሐኪም ተመርምሮ፣ ከዚያ በኋላ የሚበላውንና የሚጠጣውን አውቆ ያስነጣ። የማይፈልግም ሆነ የማይችል ደግሞ ባለው ጥርስ ይሳቅ። በክፍላችሁ ውስጥ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ካለ ይህን መጽሔት አውሱት።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን።